አህይት በድብቅ የተሸከመችው ጨው

አንድ ጊዜ፣ ክረምት ሳይገባ መኖሪያው በድንጋይ አጥር እንዲከበብለት የፈለገ አንበሳ ነበር። ድንጋዩ የሚፈለጠው ከወንዙ በታች ካለ ገደል ስለሆነ፣ አቀበቱን ተሸክሞ የሚወጣ ጠንካራ ጀርባ አስፈለገው። አህይትን ቀጠረ። ጅብን ደግሞ አለቃ አድርጎ ሾመባት። ጅብ ለምን ለአለቃነት እንደተመረጠ የሚያውቅ የለም፤ ድምፁ ትልቅ ስለሆነ ይሆናል።

አህይት አሮጊት እናት ነበረቻት። እናቲቱ ዓይኗ ጠፍቷል፤ ጥርሷም አልቆ ሣር መጋጥ አትችልም። የምትበላው አህይት በሰኮናዋ አድቅቃ በውሃ የምታርስላትን ገብስ ብቻ ነው። አንበሳ በየሳምንቱ ለአህይት የሚሰፍርላት ገብስ ለእናቷ ይተርፍ ነበር። እርሷ ራሷ ከሥራ መልስ ወንዝ ዳር ወርዳ የተገኘውን ሣር ግጣ ታድራለች። እንዲህ አድርገው ሁለቱም ሳይራቡ ኖሩ።

ድንጋዩ ከአህይት ጀርባ ጋር የሚታሰረው በጠፍር ነው። ጅብ ደግሞ ቆዳ ሲያይ አያስችለውም። አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ፣ አህይት ጥላ ሥር ስታርፍ፣ ጅብ ጠፍሩን አሸተተው። ትንሽ ላሰው። ከዚያ ከመሃሉ ላይ ማኘክ ጀመረ። ውፍረቱን እኩሌታ ከበላ በኋላ ያደረገው ነገር ትዝ አለውና ደነገጠ። የታኘከውን ቦታ በጭቃ ለቅልቆ መልሶ አስቀመጠው።

ከሰዓት በኋላ ሲጭናት አህይት ዞር ብላ አየችው።

«አያ ጅቦ፣ ይህ ጠፍር የሳሳ ይመስለኛል።»

«የተቀጠርሽው ለመሸከም ነው ጠፍር ለመመርመር? ተነሺ» አላት።

ተነሣች። አቀበቱን እኩሌታ እንደወጣች ጠፍሩ ተበጠሰ። ድንጋዩ ከጀርባዋ ተንሸራቶ የኋላ እግሯ ላይ ወደቀና አጥንቱን ሰበረው።

ወጌሻዋ እሜት ጦጢት ተጠርታ መጣች። እግሩን ስባ አስተካከለችና በሸምበቆ ጠፍራ አሰረችው። «አርባ ቀን ጭነት የሚባል እንዳይነካሽ። ከነካሽ ይህ እግር እንደገና አይገጥምም» ብላ አስጠነቀቀቻት።

አንበሳ ኩሩና ቁጡ ቢሆንም ፍርድ ያውቃል። በአገሩም ሕግ ነበረው። በእርሱ ሥራ ላይ የተጎዳ ሁሉ፣ እስኪድን ድረስ ይበላ የነበረውን ገብስ እኩሌታ በካሳ እያገኘ ይተኛል። ይህን የሚያስፈጽመው ጸሐፊው አባ ኤሊ ነው። አባ ኤሊ ቀስ እያለ አህይት ወደወደቀችበት አቀበት ደረሰ።

«ካሳሽ ከዛሬ ይጀምራል» አላት። «አንድ ነገር ግን ልብ በይ። ካሳ እየተቀበሉ ለሌላ መሥራት ክልክል ነው። ካሳው ካልበቃሽ፣ ወይም ቀላል ሥራ ካገኘሽ፣ መጀመሪያ ወደ እኔ መጥተሽ ንገሪኝ። ሳትነግሪኝ ምንም እንዳትጀምሪ።»

«እሺ አባቴ» አለች አህይት።

«ሌላም ነገር አለ። የተበጠሰውን ጠፍር አንሥቼ አይቼዋለሁ። እንዲሁ በአገልግሎት ያለቀ አልመሰለኝም። መቆም ስትችይ ጌታችን ፊት ቀርበሽ የምታውቂውን ትናገሪያለሽ።»

ጅብ ከድንጋዩ ክምር ጀርባ ቆሞ ይህን ሰማ። በማግስቱ ማለዳ ወደ ቀበሮ ጉድጓድ ሄደ።

«ወንድሜ ቀበሮ፣ ጠፋሁ» አለው።

«ምን አድርገህ?»

«ምንም አላደረግሁም። ትንሽ ጠፍር ነው የበላሁት።»

ቀበሮ ከጉድጓዱ ወጣና ፀሐይ ላይ ተቀመጠ። ነገሩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አስነገረው። ጅብ ሲተርክ ሁለት ጊዜ የጠፍሩን ጣዕም አነሣ።

«ስትበላው አይታሃለች?»

«አላየችኝም። ጠፍሩ ሳስቷል ብላ ግን ነግራኛለች፤ እኔም ተነሺ ብያታለሁ። አንበሳ ይህን ከሰማ በሕይወት አይተወኝም።»

ቀበሮ ጨው ነጋዴ ነው። ጨዉ ከወንዝ ማዶ ተከምሮ የሚያሻግርለት ካጣ ሰንብቷል። ጥቂት አሰበና «አህይትን ሁሉም የሚያምናት ዋሽታ ስለማታውቅ ነው» አለ። «አንድ ቀን ስትዋሽ ብትገኝ ስለ ጠፍሩ የምትለውን ማን ይሰማታል?»

«አልገባኝም» አለ ጅብ።

«አይግባህ። አንተ አፍህን ዝጋና ስጠራህ ና። የቀረውን ለእኔ ተወው።»

ሃያ ቀን አለፈ። በጋው ገፍቶ በአህይት በረት ዙሪያ የሚጋጥ ሣር የሚባል አልቀረም። ወንዝ ዳር ወርዳ እንዳትግጥ እግሯ አላስኬዳትም። ስለዚህ የካሳው ገብስ፣ ያውም እኩሌታው፣ የሁለቱ ቀለብ ሆነ። አህይት የጎን አጥንቷ ተቆጠረ። የእናቷ ግን የባሰ ነበር። አህይትን ከረሃቡ ይልቅ ያስጨነቃት እናቷ አንድም ቀን ራበኝ አለማለቷ ነው። ትንሿን ድርሻዋን ልሳ ትጨርስና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ትተኛለች።

ቀበሮ የመጣው በዚህ ጊዜ ነው። በእንግድነት ወግ ከበሩ ላይ ቆሞ ሰላምታ ሰጠ።

«እግርሽ እንዴት ሆነልሽ እሜት አህይት?»

«ቀስ እያልሁ መራመድ ጀምሬአለሁ፣ እግዜር ይመስገን።»

ቀበሮ ወደ ውስጥ ተመለከተ። «እናትሽ በጣም ከስተዋል» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ገብሱ አልበቃ ብሎን ነው።»

«እኔ ዘንድ ሥራ አለ። ከወንዝ ማዶ እስከ ገበያው ድረስ ጥቂት ጨው ማድረስ ነው። እንደ አንበሳ ድንጋይ እንዳይመስልሽ፤ ሸክሙ እፍኝ ነው። በየጉዞው ደግሞ የላመ የገብስ ዱቄት እሰጥሻለሁ። እናትሽ ማኘክ አያስፈልጋቸውም።»

«ወጌሻዋ ጭነት እንዳልነካ ነግራኛለች።»

«ወጌሻዋ የተራበች እናት የላትም።»

አህይት ወደ እናቷ ዞር ብላ አየች። «እንግዲያው መጀመሪያ ለአባ ኤሊ ልንገራቸው» አለች። «ሳትነግሪኝ እንዳትሠሪ ብለውኛል።»

ቀበሮ አልተቃወመም። እንዲያውም ራሱን በአዘኔታ ነቀነቀ። «ንገሪያቸው። ነገ ካሳሽን ይቆርጡታል፤ እኔም እስከዚያ አልጠብቅም፣ ሥራውን ለሌላ እሰጣለሁ። ያን ጊዜ ዱቄቱም ገብሱም የለም። እናትሽ ምን ይበላሉ?»

«ሕጉ እንደዚያ ነው እንዴ? ጨርሰው ይቆርጡታል?»

«ጸሐፊ ሰጥቶ ያውቃል? የጸሐፊ ሥራ መቁረጥ ነው።»

አህይት ሕጉን አታውቅም ነበር። ያወቀችው አንድ ነገር ቢኖር ከኋላዋ የሚሰማው የእናቷ ትንፋሽ ከትናንቱ ይልቅ መድከሙን ነው። «ለጥቂት ቀን ብቻ» አለች።

የመጀመሪያው ቀን ጨው በእርግጥም እፍኝ ነበር። በሦስተኛው ቀን እጥፍ ሆነ። በሰባተኛው ቀን ሁለት ከረጢት ግራና ቀኝ ተጫነባት። «ዛሬ ገበያ ስለሆነ ነው» አላት ቀበሮ። ወንዙን ስትሻገር የታሰረው እግሯ ድንጋይ ለድንጋይ ይንሸራተታል። ሸምበቆው ላላ። ከጉልበቷ በታች እብጠት ጀመራት። ማታ ማታ ግን ዱቄቱን በውሃ ለውሳ ስታቀርብ እናቷ አንገቷን ቀና አድርጋ ትበላለች፤ አህይትም ይህን ስታይ እብጠቱን ትረሳዋለች።

«አረማመድሽ ተለውጧል ልጄ» አለቻት እናቷ አንድ ምሽት። «የት ነው የምትውይው?»

«እግሬን ለማፍታታት ወጣ እያልሁ ነው እማ።»

«ጨው ጨው ትሸቻለሽ።»

«ወንዝ ዳር ከብቶች ጨው ሲልሱ አጠገባቸው ቆሜ ነበር።»

እናቲቱ ዱቄቱን አንድ ጊዜ ላሰች። ከዚያ ሌላ አልጠየቀችም።

በማግስቱ አህይት ከገበያ ስትመለስ አባ ኤሊን መንገድ ላይ አገኘችው። ጭነቷን አራግፋ ነበር፤ በጀርባዋ ላይ የቀረው የጨው ብናኝ ግን ይለበልባት ነበር።

«ደህና ነሽ? እግርሽ እንዴት ነው?» አላት።

«ደህና ነኝ አባቴ። ተኝቼ ነው የምውለው። ዛሬ ብቻ ነው ወጣ ያልሁት።»

«የጎደለሽ ነገር አለ?»

አህይት አፏን ከፈተች። እናቴ ተርባለች ልትለው ነበር። ነገር ግን የቀበሮ ቃል ትዝ አላትና ፈራች። ካሳው ሲቆረጥ፣ ዱቄቱ ሲቀር፣ እናቷ ፊቷን ወደ ግድግዳው ስታዞር ታያት።

«ምንም አልጎደለኝም» አለች።

አባ ኤሊ አስተውሎ አያት። ዓይኑ ደካማ ስለሆነ እብጠቱን አላየም። «መልካም። ጌታችን ሐሙስ ችሎት ይቀመጣል። የጠፍሩን ጉዳይ ያን ዕለት እናቀርባለን። አትፍሪ፤ ያየሽውን ብቻ ተናገሪ» ብሏት ሄደ።

ሐሙስ ማለዳ ቀበሮ በረቷ ደጃፍ ላይ ተገኘ።

«ዛሬ መምጣት አልችልም» አለችው። «ችሎት አለብኝ።»

«ችሎቱ ከሰዓት ነው። አንድ ጉዞ ብቻ ነው የቀረን። የዛሬው ዱቄት እጥፍ ይሆናል።»

ሄደች። ጨዉን ተሸክማ ወንዙ መሃል ስትደርስ ቀና አለች። ከፊት ለፊቷ፣ በዳርቻው ላይ፣ አንበሳ ቆሟል። በቀኙ አባ ኤሊ፣ በግራው ጅብ አሉ። አህይት ወደ ኋላ ልትመለስ አልቻለችም፤ እግሯ መዞር እንቢ አላት። በውሃው ውስጥ እያነከሰች ወደ እነርሱ ወጣች።

«ጀርባሽ ላይ ያለው ምንድን ነው?» አላት አንበሳ።

«ጨው ነው ጌታዬ።»

«የማን ጨው?»

ቀበሮን በዓይኗ ፈለገችው። ከጅብ ጀርባ ብቅ ብሎ ለአንበሳ እጅ ነሣ።

«የእኔ ነው ጌታዬ» አለ። «ጤነኛ ነኝ ብላኝ ነው የቀጠርኋት። ካሳ እንደምትበላ የሰማሁት ትናንት ነው። ከሰማሁ በኋላ ዝም ማለት ከበደኝ፤ ለዚህ ነው አያ ጅቦን የላክሁት።»

አንበሳ ወደ ጸሐፊው ዞረ። «ለአንተ ነግራሃለች?»

«አልነገረችኝም» አለ አባ ኤሊ። ድምፁ በጣም ዝቅ ብሎ ነበር። «በዚህ ሰሞን መንገድ ላይ አግኝቼ ጠይቄአት ነበር። ተኝቼ ነው የምውለው፣ ምንም አልጎደለኝም አለችኝ።»

«እናቴ ተርባ ነው» አለች አህይት።

«መራቧን ለማን ነገርሽ?»

ውሃው ከሆዷ ሥር ይንጠባጠባል። ጨዉ እየሟሟ በእግሯ ላይ ይወርድና እብጠቱን ያቃጥለዋል። ቢሆንም ቀጥ ብላ ለመቆም ሞከረች።

«ጌታዬ፣ አጥፍቻለሁ» አለች። «እግሬ ግን በእውነት ነው የተሰበረው። ጠፍሩ ታኝኮ ነበር። ከመጫኔ በፊት ሳስቷል ብዬ ለአያ ጅቦ ነግሬው ነበር።»

«ውሸቷን ነው» አለ ጅብ። «እኔ ጠፍር አልነካሁም። ደግሞ ማን ይነካዋል፣ እንደዚያ ያለ ደረቅ ጠፍር። ከመሃሉ ሲያኝኩት ጥርስ ይነቅላል።»

ሁሉም ወደ ጅብ ዞሩ። ቀበሮ ሳል ሳል አለና «ጠፍሩን ፀሐይ አድርቆት ነበር ማለቱ ነው ጌታዬ» አለ።

አባ ኤሊ አንገቱን ከድንጋይ ልብሱ አወጣ። «ጌታዬ፣ አያ ጅቦ አሁን ያሉትን ቃል ብናጤነው...»

«በማን ምስክርነት ነው የምናጤነው?» አለ አንበሳ። ጭራው መሬቱን ይመታ ነበር። ካሳውን በማጭበርበሯ በሁሉም ፊት እርሱን ራሱን ያዋረደችው ስለመሰለው ቁጣው ከጆሮው ቀድሞ ነበር። «ሳስቷል የምትል እርሷ ናት። እርሷ ደግሞ የእኔን ገብስ እየበላች ለሌላ ስትሠራ፣ ጸሐፊዬንም ስትዋሽ ተገኝታለች። በዚህች አፍ አለቃዬን አልከስም። የጠፍሩ ነገር እዚህ ላይ ይዘጋ።»

ከዚያም ፈረደ። «ካሳሽ ተቋርጧል። ጨው የተሸከመ እግር ድንጋይም ይሸከማል። የወሰድሽውን በሥራ እስክትመልሺ ድረስ ገብስ አይሰፈርልሽም።»

ቀበሮ ጨዉን ከጀርባዋ አውርዶ ወሰደ። የዕለቱን ዱቄት አልሰጣትም፤ እርሷም አልጠየቀችውም።

ከማግስቱ ጀምሮ አህይት በሦስት እግሯና በአንድ እብጠት አቀበቱን ትወጣ ጀመር። ሲመሽ ለእናቷ የምትወስደው ነገር የለም። ከመንገድ ዳር የለቀመችውን ደረቅ ሣር በራሷ ጥርስ አኝካ፣ አለስልሳ፣ እናቷ ፊት ታስቀምጣለች። እናቲቱ ለመዋጥ ትሞክርና ያንቃታል።

«ይህ ሁሉ የመጣብሽ በእኔ ነው» አለቻት አንድ ቀን።

«አይደለም እማ። እንደዚያ አትበይ።»

«ጨው የሸተትሽኝ ዕለት ዐውቄ ነበር» አለች እናቷ። «ተይ ልልሽ ፈልጌ ነበር። ዱቄቱ ግን ጣፈጠኝ። ስለዚህ ዝም አልሁ።»

አህይት አንገቷን በእናቷ አንገት ላይ አሳረፈች። እንደዚያው ሆነው እንቅልፍ ወሰዳቸው።

በዘጠነኛው ቀን ጠዋት እናቲቱ አልተነሣችም። አህይት በአፍንጫዋ ነካቻት፤ ቀዝቅዛለች። እያነከሰች ወደ ሥራው ቦታ ሄደችና ጅብ ፊት ቆመች።

«እናቴ ሞታለች። የምቀብርበት ግማሽ ቀን ስጠኝ።»

«ድንጋዩስ?» አለ ጅብ።

«ነገ ጨምሬ እሸከማለሁ።»

«መጀመሪያ ድንጋዩ» አላት። ለመነችው፤ ሰማይና ምድር ጠቅሳ ለመነችው፤ እርሱ ግን ጭነቱን እያሰረ «የት ነው የተኛችው? በረቱ ውስጥ ነው?» ብሎ ጠየቃት። አህይት ሐዘን አእምሮዋን አጨልሞት ስለነበር «አዎ» አለችው።

በዚያ ቀን ከሰዓት በኋላ አለቃው ከሥራው ቦታ ጠፍቶ ዋለ። አህይት የመጨረሻውን ድንጋይ አውርዳ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ወደ በረቷ ስትደርስ፣ እናቷ በተኛችበት ቦታ ላይ የተረጋገጠ ገለባ ብቻ ነበር። የት እንደሄደች መጠየቅ አላስፈለጋትም።

አላለቀሰችም። ቀጥታ ወደ አባ ኤሊ ሄዳ ደጁ ላይ ቆመች።

«አባቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ያን ዕለት መንገድ ላይ እናቴ ተርባለች ብዬ ነግሬዎ ቢሆን ኖሮ ምን ያደርጉ ነበር?»

አባ ኤሊ አንገቱን ወደ ድንጋይ ልብሱ ሰበሰበ።

«ይህን አትጠይቂኝ ልጄ።»

«ልወቀው።»

«እናቱን የሚጦር ሙሉ ገብስ ይሰፈርለታል። ሕጉ ላይ አለ» አለ። «እናት እንዳለሽ አላወቅሁም። የጎደለሽ አለ ወይ ብዬ ጠየቅሁ እንጂ ቤትሽ መጥቼ አላየሁም። የእኔ ጥፋት ይህ ነው። ብትነግሪኝ ኖሮ ያንኑ ዕለት እጽፍልሽ ነበር።»

«ስለ ጠፍሩስ?»

«ታኝኳል። የጥርሱን ምልክት አይቼዋለሁ፤ ዛሬም እኔ ዘንድ አለ። ጌታችን ግን ነገሩን ዘግቶታል። እኔ የተዘጋ ነገር አልከፍትም፤ ሥልጣኑ የለኝም።»

አህይት አመሰገነችውና ሄደች። ለምን እንዳመሰገነችው እርሷም አላወቀችም።

ክረምቱ ሲገባ አጥሩ አለቀ። አንበሳ ጅብን በሁሉም ፊት አመሰገነው። ቀበሮ ጨዉን የሚሸከምለት በቅሎ አገኘ። የአህይት እግር ጠሞ ቀረ፤ ዕዳዋን ሠርታ ስትጨርስ ከሥራ አሰናበቷት፣ ከዚያ በኋላም የሚቀጥራት አልተገኘም። ዝናቡ ሜዳውን ሁሉ በሣር ሸፍኖት ነበር። እርሷ ግን ባዶው በረት ደጃፍ ላይ ቆማ ትውላለች፤ ሣሩ ጥቂት እርምጃ ብቻ ርቋት፣ ሄዳ የምትግጥበት ምክንያት ያጣች ትመስል ነበር።

ከዚህ የምንማረው፣ የተበደለ ችግሩን በጊዜው በግልጽ ተናግሮ መብቱን መጠየቅ ሲገባው ፈርቶ በድብቅ ቢሄድ፣ የእርሱ ትንሽ ውሸት ለበዳዩ ትልቅ በደል መሸሸጊያ እንደሚሆንለት ነው።